የቻሞሩ ቋንቋና የተማሪ ቤቱ ዕዳ

አንድ ቋንቋ በደከመ ጊዜ ይዞት ወደ ተማሪ ቤት መሮጥ የዘመናችን ልማድ ሆኖአል። ሕግ ይወጣል፤ መጽሐፍ ይታተማል፤ ለሕፃናቱም ከትምህርቱ ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ይመደብላቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደ ተፈጸመ ይቆጠራል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህ ልማድ በእውነት ምን ያህል እንደሚያዋጣ ነው። ለምርመራችን የመረጥነው በምዕራብ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ያሉትን የማሪያና ደሴቶች፥ ይልቁንም ከእነርሱ ትልቋን ጉዋምን ነው። የመረጥንበትም ምክንያት በዚያች ደሴት ያው ተማሪ ቤት መጀመሪያ ቋንቋውን እንዲያጠፋ፥ በኋላ ደግሞ እንዲያድን የታዘዘ በመሆኑ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

በ2010 በተደረገው ቆጠራ በጉዋም 159,358 ሰዎች ይኖሩ ነበር። ከእነዚህ መካከል ዘራቸውን ቻሞሩ ብለው ያስመዘገቡት ከመቶ 37 ያህሉ ሲሆኑ፥ ቋንቋውን የሚናገሩት ግን 26 ሺህ የማይሞሉ ነበሩ። ይህም ማለት ከቻሞሩ ሰዎች እኩሌታው እንኳ የአያቶቹን ቋንቋ አይናገርም ማለት ነው። የሚናገሩትም አብዛኛዎቹ ዕድሜአቸው የገፋ ነው። ቍጥሩ ብቻውን ብዙ አያሳስብም ነበር፤ በዓለም ላይ ከዚህ ያነሰ ተናጋሪ ያላቸው ጤነኛ ቋንቋዎች አሉና። የሚያሳስበው ልጆቹ እርስ በርሳቸው ሲጫወቱ በእንግሊዝኛ መጫወታቸው ነው።

ስለ ስሙ አንድ ነገር እንበል። በ2016 በወጣው ሕግ በጉዋም የተቋቋመው የቋንቋ ጉባኤ የሕዝቡ ስም ሲጻፍ የመጀመሪያዎቹ ሁለት የላቲን ፊደላት ሁለቱም በትልቁ እንዲጻፉ ወስኖአል፤ ሁለቱ ተጣምረው አንድ ድምፅ ስለሚሰጡ እንደ አንድ ፊደል መቆጠር ይገባቸዋል ባይ ነው። በሰሜን ማሪያና የሚኖሩት ወገኖቻቸው ግን በቀድሞው አጻጻፍ ጸንተዋል። እኛ «ቻሞሩ» ብለን እንጻፈው እንጂ በባለቤቶቹ አፍ የመጀመሪያው ድምፅ ወደ «ትስ» የሚቀርብ ነው። የእኛ ፊደል ታላቅና ታናሽ የሌለው በመሆኑ ከዚህ ክርክር ገላግሎናል።

ቋንቋው ከፊሊፒንስና ከኢንዶኔዥያ ቋንቋዎች ጋር የሚዛመድ ነው። ግሡ አብዛኛውን ጊዜ በዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ይቆማል፤ ትርጉምን የሚለውጡ ጭማሪዎችም በቃሉ ሆድ ውስጥ ይገባሉ። ለምሳሌ «ታይታይ» ማለት ማንበብ ነው፤ በመካከሉ «ኢን» ሲገባበት «ቲናይታይ» ይሆናል፤ ይህም የተነበበ ነገር ማለት ሲሆን ጸሎት ተብሎም ይተረጐማል። ማንበብና መጸለይ በአንድ ቃል መጠራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ታሪኩን በአጭሩ እንለፈው። በ1668 የኢየሱሳውያን ማኅበር ሚሲዮናውያን በአባ ዲዬጎ ሉዊስ ደ ሳን ቪቶሬስ መሪነት ከስፔን ተልከው ወደ ጉዋም ገቡ። ከዚያ በተከተለው ጦርነትና በበሽታ ብዛት ሕዝቡ እጅግ አለቀ። የተረፈው ከስፔን፥ ከሜክሲኮና ከፊሊፒንስ ከመጡ ሰዎች ጋር ተዋለደ፤ ቋንቋውም ከስፓኒሽ አያሌ ቃላት ተቀበለ፤ ቍጥሩን እንኳ «ኡኑ፥ ዶስ፥ ትሬስ» እያለ የሚቈጥረው ከዚያ ወዲህ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ቋንቋው አልሞተም። ካህናቱ ይሰብኩ የነበረው በሕዝቡ ቋንቋ ነበር፤ ሰዋስዉም የቻሞሩ እንደ ሆነ ቀረ። የስፔንን ቃል ወስዶ በራሱ ሕግ አስገብቶ የሚያዝዝ ቋንቋ ተሸነፈ ሊባል አይችልም።

ጉዋም በ1898 በዩናይትድ ስቴትስ እጅ ወደቀች፤ የቀሩትን ደሴቶች ጀርመን በ1899 ገዛች፤ በ1914 ደግሞ ጃፓን ያዘቻቸው። ጉዋምን ያስተዳድር የነበረው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሲሆን፥ አገረ ገዡ በ1917 ባወጣው 243ኛ ትእዛዝ እንግሊዝኛ ብቸኛው የመንግሥት ቋንቋ እንዲሆን፥ ቻሞሩም ለማስተርጐም ካልሆነ በቀር በሥራ ቦታ እንዳይነገር አዘዘ። በ1922 ቋንቋው ከተማሪ ቤት ፈጽሞ ተከለከለ፤ መዝገበ ቃላቱም ተሰብስቦ እንደ ተቃጠለ ተጽፎአል። ኤድዋርድ ፎን ፕራይሲግ የተባለ የባሕር ኃይል መኰንን ያዘጋጀው የቻሞሩ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው የታተመው በ1918 በራሱ በአሜሪካ መንግሥት ማተሚያ ቤት እንደ ነበረ ስናስብ፥ አንዱ እጅ የሚጽፈውን ሌላው እጅ ያቃጥል ነበር ማለት ነው። በተማሪ ቤት ግቢ ቻሞሩ ሲናገር የተገኘ ልጅ አንዳንዱ የገንዘብ መቀጫ ይከፍል ነበር፤ አንዳንዱም ይገረፍ ነበር።

ስለ ቻሞሩ የሚጽፉ ብዙ ሰዎች እዚህ ላይ ይቆሙና ቋንቋው የሞተው በዚህ ክልከላ ነው ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። የትችታችን ሥር ይኸው ስለ ሆነ ትንሽ ዘርዘር አድርገን እንናገራለን።

በ1940 የጉዋም ሕዝብ 22 ሺህ ያህል ነበረ፤ ከዐሥሩ ዘጠኙም ቻሞሩ ነበረ። በተማሪ ቤት ስለ ቋንቋው የተቀጣው ልጅ ወደ ቤቱ ሲመለስ እናቱ፥ አያቱ፥ ጎረቤቱ፥ ዓሣ አጥማጁና ባለ እርሻው ሁሉ የሚያነጋግሩት በቻሞሩ ነበር። በቤተ ክርስቲያንም የስፔን ካፑቺን መነኰሳት በቻሞሩ ይሰብኩ ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ አባ ሮማን ደ ቬራ የጸሎት መጻሕፍትን እየተረጐመ ያሳትም ነበር፤ በ1932 ደግሞ የቻሞሩና የስፓኒሽ መዝገበ ቃላት አወጣ። ፕሮቴስታንቶቹም በበኩላቸው በ1908 አራቱን ወንጌላት፥ የሐዋርያት ሥራንና መዝሙረ ዳዊትን በቻሞሩ አሳትመው ነበር። እንግዲህ ክልከላው በጸናበት በዚያ ዘመን ተማሪ የነበሩት ልጆች አድገው ዛሬ ቋንቋውን አጥርተው ይናገሩ ነበር የሚባሉት ሽማግሎች ሆኑ። ቅጣቱ ኀፍረት ዘርቶባቸዋል፤ ይህን አንክድም። ቋንቋቸውን ግን አልወሰደባቸውም።

ከእኛ መካከል በሚሲዮን ተማሪ ቤት ያደግነው ይህን ስናነብ ብዙ አልደነቀንም። በግቢው ውስጥ አማርኛ የተናገረ ልጅ በአንገቱ እንጨት አንጠልጥሎ የሚውልበትን ቤት እናውቃለን። ልጁ ግን ማታ ከእናቱ ጋር የሚጫወተው በዚያው በአማርኛ ስለ ነበረ፥ እንጨቱ አንገቱን እንጂ ምላሱን አልነካውም።

ቋንቋውን የሰበረው ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ኑሮ ነው። በታኅሣሥ 1941 ጃፓኖች ጉዋምን ያዙ፤ በሐምሌ 1944 አሜሪካኖች ተመልሰው ሲያስለቅቋት ዋና ከተማዋ ሀጋትኛ በቦምብ ፈራርሳ ነበር። ከጦርነቱ በፊት ከደሴቲቱ ሕዝብ እኩሌታው ያህል የሚኖረው በዚያች ከተማ ስለ ነበረ፥ በአንድ ሰፈር ተጠጋግቶ ይኖር የነበረው ሰው በየመንደሩ ተበተነ። ሱማይ የተባለው መንደር ለባሕር ኃይል ሰፈር ተወሰደ፤ ሰዎቹም ወደ ሳንታ ሪታ ተዛወሩ። በ1945 በደሴቲቱ ላይ ከ200 ሺህ የሚበልጥ ወታደር ሰፍሮ ነበር። እርሻውን ያጣው ቻሞሩ ደመወዝተኛ ሆነ፤ ደመወዙም የሚገኘው በእንግሊዝኛ ነው። በ1950 የአሜሪካ ዜግነት ተሰጠ፤ በ1956 ቴሌቪዥን ገባ፤ በ1962 ያለ ባሕር ኃይሉ ፈቃድ ወደ ደሴቲቱ መግባትን የሚከለክለው ሥርዓት ተነሣና በሩ ለሁሉ ተከፈተ። ያን ጊዜ ነው እነዚያ በልጅነታቸው የተቀጡት ሰዎች ወላጅ ሆነው፥ ማንም ሳያስገድዳቸው ልጆቻቸውን በእንግሊዝኛ ማነጋገር የጀመሩት። ያደረጉትም ቋንቋቸውን ጠልተው ሳይሆን ልጆቻቸውን ወድደው ነው። ባልና ሚስቱ እርስ በርሳቸው በቻሞሩ ያወሩና ወደ ልጁ ሲዞሩ ወደ እንግሊዝኛ ይለውጡ ነበር። በተማሪ ቤት የተሠራው ኀፍረት ፍሬ ያፈራው እዚህ፥ በማዕድ ዙሪያ፥ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው።

ይህ ከሆነ የመድኃኒቱም ነገር ከዚሁ ይነሣል። የተቋረጠው ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያልፈው ነው እንጂ የትምህርት ዓይነት አይደለም። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተደረገው ግን አብዛኛው ቋንቋውን የትምህርት ዓይነት ማድረግ ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ በፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ የተቋቋመው የሁለት ቋንቋ ትምህርት ነበር። ገንዘቡ የተፈቀደበት ሐሳብ እንግሊዝኛ የማያውቀውን ልጅ በእናቱ ቋንቋ እያስጀመሩ ወደ እንግሊዝኛ ማሻገር ነው። በጉዋም ግን ልጆቹ ቀድመው ተሻግረው ነበር። ድልድዩ የተሠራው ተሻጋሪዎቹ ወንዙን ካለፉ በኋላ ነው ማለት ነው። በዚያው ዘመን የሐዋይ ዩኒቨርሲቲው ሊቅ ዶናልድ ቶፒንግ ከበርናዲታ ዱንግካ ጋር ሰዋስዉን በ1973፥ ከእርስዋና ከፔድሮ ኦጎ ጋር ደግሞ መዝገበ ቃላቱን በ1975 አወጡ። ሁለቱም እስከ ዛሬ ዋጋቸው ያልቀነሰ ሥራዎች ናቸው፤ ሆኖም የተጻፉት በእንግሊዝኛ፥ ለሊቃውንትና ለአስተማሪዎች ነው።

በ1974 ቻሞሩ ከእንግሊዝኛ ጋር የጉዋም የመንግሥት ቋንቋ ሆነ። በ1978 የደሴቲቱ ዋና ጋዜጣ በቻሞሩ የተጻፈ ማስታወቂያ ያለ እንግሊዝኛ ትርጉም አልቀበልም ባለ ጊዜ ሕዝቡ በሰልፍ ወጥቶ ጋዜጣውን አቃጠለ። ኀፍረቱ ወደ ቍጣ መለወጡ የታየው በዚያ ቀን ነው፤ በእኛም ግምት ከብዙ የሕግ ዐንቀጽ ይልቅ ይህ ሰልፍ ለቋንቋው ጠቅሞአል። በ1991 በወጣው ሕግ ደግሞ ቻሞሩ በመንግሥት ተማሪ ቤቶች ግዴታ ሆነ። ዱንግካ «ኢኒፍሬሲ» የተባለውን የመሐላ ቃል የጻፉት በዚያው ዓመት ነው፤ ልጆቹ ቋንቋውንና ባህሉን ለመጠበቅ ቃል እየገቡ በየተማሪ ቤቱ ይደግሙታል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። በአንደኛ ደረጃ የሚሰጠው የቻሞሩ ትምህርት በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። የትምህርቱ ዓመት 180 ቀን ነው። አንድም ቀን ሳይቀር፥ አስተማሪው ሳይታመም፥ ልጆቹም ዝም ብለው ተቀምጠው ቢማሩ ዓመቱን በሙሉ የሚገኘው 90 ሰዓት ነው። አንድ ሕፃን ነቅቶ የሚያሳልፈውን ጊዜ በቀን 13 ሰዓት ብናደርገው፥ ይህ የአንድ ሳምንት ንግግር መሆኑ ነው። በዓመት አንድ ሳምንት ብቻ የሚናገሩትን ቋንቋ ማን ያውቀዋል? በዚያም ላይ ግማሹ ሰዓት ሁሉ በቻሞሩ የሚያልፍ አይደለም፤ በሠላሳ ልጆች ፊት የቆመ አስተማሪ «ዝም በሉ፥ መጽሐፋችሁን ክፈቱ» የሚለውን እንኳ ልጆቹ ፈጥነው በሚረዱት በእንግሊዝኛ ማለቱ አይቀርም። እኛ ከሁሉ የሚከፋብን ይህ ነው። ልጁ የሚማረው የቀለማትን፥ የቀኖችንና የእንስሳትን ስም ነው፤ ትእዛዝ፥ ተግሣጽ፥ ቀልድና ጥል ግን በእንግሊዝኛ ይቀሩለታል። ስለዚህ ቻሞሩ ነገሮች የሚጠሩበት፥ እንግሊዝኛ ደግሞ ሰዎች የሚነጋገሩበት መሆኑን ማንም ሳይነግረው ይማራል።

በየመጋቢቱ በሚከበረው የቻሞሩ ወር የጉዋም ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ውድድር ያደርጋል፤ ልጆች ይዘምራሉ፥ በቃላቸው ያነበንባሉ፥ ተረት ይናገራሉ። ውድድሩ የሚናቅ አይደለም፤ ሽማግሌዎቹ የልጅ አፍ ቻሞሩ ሲናገር የሚሰሙበት ቀን ነው። ነገር ግን በቃል የተጠና ንግግር ጥያቄ የማይመለስበት ንግግር ነው። ልጁ ከመድረክ ወርዶ አያቱ «አሁን ደግሞ እስቲ ንገረኝ፤ ማን አስጠናህ?» ብላ በቋንቋዋ ብትጠይቀው ይመልስ እንደ ሆነ የሚለካ ሽልማት ቢጨመርበት መልካም ነበር።

የቃል ጥራት ክርክርም አለ። የስፔንን ቃል ለማስወገድ የሚጥሩ አስተማሪዎችና ጸሐፊዎች የጥንቱን ቍጥር፥ «ሀቻ፥ ሁጉዋ፥ ቱሉ» የሚለውን ከመጻሕፍት አውጥተው ለልጆች ያስተምራሉ። የጥንቱን ማወቅ ክፉ አይደለም፤ እኛም ደስ የሚለን ነገር ነው። አያቲቱ ግን ዕድሜዋን ሙሉ «ኡኑ፥ ዶስ፥ ትሬስ» ስትል የኖረች ናት። ልጁ ከተማሪ ቤት ተመልሶ «አያቴ፥ ይህ የእኛ አይደለም፤ የስፔን ነው» ያላት ቀን፥ ተማሪ ቤቱ ለሁለተኛ ጊዜ አሳፈራት ማለት ነው። ያን ጊዜ ቻሞሩ በመናገርዋ፥ አሁን ደግሞ ቻሞሩዋ ንጹሕ ባለመሆኑ። በሕይወት ያለው ብቸኛው መምህር ይህ የተደባለቀው የሽማግሎች ቋንቋ ሆኖ ሳለ፥ ማንም የማይናገረውን ጥሩ ቋንቋ ለመፈለግ እርሱን ማስቀየም ኪሳራ ነው። ምስጋናቸው «ሲ ዩኦስ ማአሴ» ነው፤ «እግዚአብሔር ይማር» እንደ ማለት ነው፤ በውስጡ ያለው የእግዚአብሔር ስም ከስፔን የመጣ ነው። ይህን ከቻሞሩ አፍ ማን ያወጣዋል?

የአጻጻፉም ነገር ከዚህ አይርቅም። በ1964 የተቋቋመው የቀድሞው የቋንቋ ጉባኤ በ1983 አንድ የአጻጻፍ ሥርዓት አጽድቆ ነበር፤ ያሁኑም ጉባኤ አሻሽሎታል። በሳይፓን፥ በቲኒያንና በሮታ ያሉት ደግሞ በራሳቸው ይሄዳሉ። ደሴቶቹን የሚለያቸው ፊደል ብቻ እንዳልሆነ ግን መዘንጋት አይገባም። በጦርነቱ ጊዜ ከሳይፓንና ከሮታ የመጡ ቻሞሩዎች ለጃፓኖች አስተርጓሚ ሆነው በጉዋም ማገልገላቸው ቂም ትቶአል፤ በ1969 ከሰሜኑ ጋር ስለ መዋሐድ በተደረገው የሕዝብ ምርጫ የጉዋም ሰው እምቢ ብሎአል። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ ለሁለቱ ወገን ማሳተም ሲቻል ሁለት ይታተማል፤ አንባቢው ጥቂት ለሆነ ቋንቋ ይህ ትልቅ ወጪ ነው።

ተስፋ የሚሰጠው ሥራ ሁሉን ነገር በቻሞሩ ብቻ የሚያስተምሩት የሕፃናት ቤቶች ናቸው። በ2005 በአን ማሪ አርሴዮ የተመሠረተው ሁራኦ ከእነዚህ ቀዳሚው ነው፤ ስሙን ያገኘው በ1671 በስፔኖች ላይ ከተነሣው አለቃ ነው። ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ተማሪ ቤቶችም እንዲህ ያሉ ክፍሎችን መክፈት ጀምረዋል። በእነዚህ ቤቶች ልጁ ውሃ የሚለምነው፥ የሚጣላው፥ የሚያለቅሰውም በቻሞሩ ነው። ሐሳቡ የመጣው በ1982 በኒው ዚላንድ ማኦሪዎች ከጀመሩት «የቋንቋ ጎጆ»፥ ቀጥሎም በ1983 በሐዋይ ከተቋቋመው ፑናና ሌዎ ነው። የእነዚህ ሁለት አገሮች አካሄድ ከጉዋም የሚለይበትን ልብ እንበል። በሐዋይ መጀመሪያ ጥቂት ወላጆችና አስተማሪዎች ተሰብስበው የሕፃናቱን ቤት ከፈቱ፤ ልጆቹ ሲያድጉ መግቢያ አጡ፤ ወላጆቹም መንግሥትን አስጨንቀው በ1986 የሐዋይኛን ማስተማሪያነት የሚከለክለውን ሕግ አስለወጡ፤ በ1987 የመንግሥት ተማሪ ቤቶች ክፍል ከፈቱላቸው። ወላጅ ቀደመ፥ ሕግ ተከተለ። በጉዋም ሕጉ በ1991 ሁሉንም ልጅ ለግማሽ ሰዓት አስገደደ፤ ወላጆች ግን በራሳቸው ፈቃድ ልጆቻቸውን ሙሉ ቀን ወደ ቻሞሩ የሚያስገቡበት ቤት ለማግኘት ከዐሥር ዓመት በላይ ፈጀ። ወላጁ ከሕጉ በኋላ መጣ፤ ሕጉም ላለፉት ዓመታት ወላጁን ከኀላፊነት ነጻ አውጥቶት ነበር፤ «በተማሪ ቤት ይማረዋል» ብሎ እንዲተኛ አደረገው።

መምህራኖቻችን ምናልባት እንዲህ ይሉናል፦ የወላጁ ትውልድ ራሱ ቋንቋውን የማያውቅ ከሆነ ከተማሪ ቤት በቀር ማን ይቀራል? ጥያቄው ትክክል ነው። በ1970ዎቹ ያስተማሩት ቋንቋውን በእናታቸው ጉልበት ላይ የተማሩ ነበሩ፤ እነርሱ አርጅተው ወጥተዋል። የዛሬው ወጣት አስተማሪ ቻሞሩን በዩኒቨርሲቲ እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የተማረ ሊሆን ይችላል፤ ለልጅ የሚሆን ቁጣና ማባበያ ከዩኒቨርሲቲ አይገኝም። ስለዚህ ተማሪ ቤቱ ይዘጋ አላልንም። የምንለው ገንዘቡና አስተማሪው ለሁሉም ልጅ በግማሽ ሰዓት ከሚበተን ይልቅ፥ ግማሹ እንኳ ወደ ሕፃናቱ ቤቶችና ልጅ ለመውለድ ዕድሜአቸው ወደ ደረሰ ወጣቶች ይዙር ነው። የሃያ አምስት ዓመት ሰው በሁለት ዓመት ጠንክሮ ቢማር ልጁን ሊያናግርበት ይችላል፤ የሰባት ዓመት ልጅ የተማረውን የሚያናግርበት ሰው የለውም። በሀጋትኛ በቡና ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ለጎልማሶች በነጻ የሚሰጡት ትምህርቶች፥ ትንሽ ቢሆኑም፥ በዚህ ረገድ ከታላላቆቹ ሕጎች ይልቅ ወደ ቁስሉ የቀረቡ ናቸው።

ደግሞም የጉዋም ሕግ የማይደርስባቸው አሉ። በ2010 በዩናይትድ ስቴትስ ራሱን ከቻሞሩ ወይም ከጉዋም ዘር የቆጠረው ሰው 147,798 ነበር፤ በደሴቲቱ ካሉት ቻሞሩዎች ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ብዙዎቹ የተሰደዱት በውትድርና ነው። በሳን ዲዬጎ ለሚያድግ ልጅ የ1991 ሕግ ምንም አይደለም፤ ለእርሱ ያለው ቤቱና ዘመዶቹ የሚሰበሰቡበት ቀን ብቻ ነው።

በመጨረሻ ቀደም ብለን ያስተላለፍነውን የንባብና የጸሎት ነገር እናንሣ። በጉዋም ሰው ሲሞት ለዘጠኝ ሌሊት መቍጠሪያ ይደገማል፤ ዘመድም ጎረቤትም ይሰበሰባል፤ ከጸሎቱ በኋላ ይበላል፥ ይወራል። ጸሎቱን የምትመራው «ቴቻ» የምትባል ሴት ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ አሮጊት ናት። የምታነበውም የአባ ሮማንና የመሰሎቹ መነኰሳት የተረጐሙትን የቻሞሩ መጽሐፍ ነው። ይህች ሴት በክልከላው ዘመን ሁሉ ማንም ሳያዝዛት ቻሞሩን በጽሑፍ ያቆየች ናት፤ የምስክር ወረቀት ግን የላትም፥ በተማሪ ቤትም ደመወዝ አይታሰብላትም። የጉዋም የትምህርት ባለ ሥልጣኖች የቴቻነትን ሥራ ለሚማሩ ወጣት ሴቶችና ወንዶች በቀለም ትምህርታቸው ውጤት ቢቆጥሩላቸው፥ ልጆቹ ዘጠኝ ሌሊት ከሽማግሎች መካከል ተቀምጠው ጮክ ብለው ያነባሉ፤ ሲሳሳቱም ወዲያው የሚያርማቸው ሰው አጠገባቸው አለ። ለዚህ አዲስ መጽሐፍ ማሳተም አያስፈልግም፤ በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ይገኛል።